ጠበቃው ያሳለፈው ቀጠሮ በማን ይቆጠራል?

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ጥገኝነት ጠይቀው ጉዳያቸውን የሚጠባበቁ ወገኖችን ስለ ጠበቃ ጠይቋቸው። የምትሰሙት ምሬት ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው። «ጠበቃዬ ተከራክሮ ተሸነፈ» የሚል ጥቂት ነው። «ስልክ አያነሳም» የሚለው ግን ብዙ ነው። ገንዘቡን ተቀብሎ ድምፁ ጠፋ። ወረቀቱን በጊዜው አላስገባም። ቀጠሮው ተቀይሮ የነገረኝ ሰው የለም። በመጨረሻ በሌለሁበት ተፈረደብኝ።

እንዲህ የደረሰበት ሰው ሁለት ነገር ሲል ትሰማላችሁ። አንደኛው፣ «ጥፋቱ የጠበቃው ስለሆነ ዳኛው ይረዳኛል» ነው። ሁለተኛው፣ «ጠበቃውን ከስሼ ምን አገኛለሁ? ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» ነው። የመጀመሪያው በሕግ ፊት ብዙም አያስኬድም። ሁለተኛው ደግሞ በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ጉዳይ ላይ የባሰ ጉዳት አለው። ፋይሉን ሊያድን የሚችለውን በር በገዛ እጅ ይዘጋል። ይህን የምጽፈው በዋናነት ስለ ሁለተኛው ነው፤ ግን እሱን ለመረዳት ከመጀመሪያው መነሳት ይሻላል።

ጥፋቱ የጠበቃው፣ ቅጣቱ የደንበኛው

በአሜሪካ ሕግ ጠበቃ ያደረገውም፣ ሳያደርግ የቀረውም ነገር በደንበኛው ይቆጠራል። ይህን ያጸናው እ.ኤ.አ. በ1962 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የተወሰነ ጉዳይ ነው። ሊንክ የተባለ ሰው ከባቡር ጋር ተጋጭቶ በደረሰበት ጉዳት ዋባሽ የተባለውን የባቡር ኩባንያ ከሰሰ። ክሱ ስድስት ዓመት ተጓተተ። በጥቅምት 1960 ዳኛው የሁለቱን ወገን ጠበቆች ለቅድመ ክርክር ስብሰባ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ሃሞንድ በምትባለው የኢንዲያና ከተማ ቀጠሯቸው። የሊንክ ጠበቃ በዚያው ዕለት ጠዋት ለዳኛው ጸሐፊ ደወለ። ኢንዲያናፖሊስ ሆኖ ለሌላ ጉዳይ ወረቀት እያዘጋጀ እንደሆነና መድረስ እንደማይችል ተናገረ። ዳኛው የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ መዝገቡን ዘጋው። የሰውየው ጉዳት ሳይመዘን፣ ኩባንያው ጥፋተኛ ይሁን አይሁን ሳይታይ፣ ስድስት ዓመት የጠበቀው ክስ አበቃ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን በ4 ለ3 ድምፅ አጸናው። ምክንያቱ አጭር ነው። ጠበቃውን የመረጠው ሊንክ ራሱ ነው፤ ስለዚህ የወኪሉን ጥፋት መሸሽ አይችልም። በተቃውሞ የቆሙት ዳኛ ሁጎ ብላክ ምንም ባላጠፋ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ቅጣት መጣሉን ተቹት። እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ። እርግጥ ነው፣ ሕጉ የሌላውን ወገን ጊዜም ማሰብ አለበት፤ የተከሰሰ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቅ አይኖርም። ነገር ግን ደንበኛ ጠበቃ የሚይዘው እኮ ሕግ ስለማያውቅ ነው። የማያውቀውን ሥራ በትክክል ሠርቶለት እንደሆነ እንዴት አድርጎ ይቆጣጠረው?

አገር ቤትም ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ክሱ በሚሰማበት ቀን የከሳሽ ወገን ሳይቀርብ ቢቀር፣ ተከሳሹ ቀርቦ ክሱን ከካደ መዝገቡ ይዘጋል። በዚያው ጉዳይ እንደ አዲስ መክሰስ አይቻልም። የሚቀረው በአንድ ወር ውስጥ በቂ ምክንያት አሳይቶ መዝገቡን ለማስከፈት ማመልከት ነው። ይግባኝ ላይ ሲደርስ ሕጉ ይበልጥ ይጨክናል። የፍትሐ ብሔር ይግባኝ በ60 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። ጊዜው ያለፈበት ሰው በቂ ምክንያት ካለው ማስፈቀጃ ይጠይቃል። ግን አንቀጽ 326 የጠበቃ ወይም የወኪል ጥፋት እንደ በቂ ምክንያት እንደማይቆጠር ይናገራል። «ጠበቃዬ ረስቶት ነው» ብላችሁ ብትቀርቡ፣ እውነት ቢሆን እንኳ አይሠራም ማለት ነው።

በአሜሪካ ይህ ግድግዳ ትንሽ የተሰነጠቀው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ኮሪ ሜፕልስ አላባማ ውስጥ ሞት የተፈረደበት እስረኛ ነበር። በነፃ ይወክሉት የነበሩት ሁለት የኒው ዮርክ ጠበቆች ሥራ ሲቀይሩ ለእሱም ለፍርድ ቤቱም አልነገሩም። ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን በፖስታ ላከላቸው። ፖስታዎቹ ሳይከፈቱ ተመለሱ። የይግባኙ ቀን አለፈ። እስረኛው ይህ ሁሉ ሲሆን ጠበቃ እንዳለው ያምን ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ7 ለ2 ድምፅ በሩን ከፈተለት። ዳኛ ሩት ባደር ጊንስበርግ ውሳኔውን ሲጽፉ፣ ጠበቃ መሳሳቱና ደንበኛውን ጭራሽ ጥሎት መሄዱ የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ አስረዱ። ጥሎ የሄደ ሰው ወኪል አይደለም፤ ስለዚህ ጥፋቱ በደንበኛው አይቆጠርም። ጥሩ ውሳኔ ነው። ግን ልብ በሉ፣ ተራ ቸልተኝነት፣ ማለትም ቀጠሮ መርሳት፣ ወረቀት ማዘግየት፣ አሁንም ከዚያ በር ውጭ ነው የቀረው።

የዲሲፕሊን አካሉ ምን ያደርጋል? ምንስ አያደርግም?

መሸነፍ ጥፋት አይደለም። ጎበዝ ጠበቃም ይሸነፋል። ቸልተኝነት ሌላ ነገር ነው። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር በ1983 ያወጣውና ግዛቶቹ እየተዋሱ የራሳቸው ያደረጉት የሥነ ምግባር ደንብ ሁለት ግዴታዎችን ለይቶ ያስቀምጣል። አንዱ በትጋትና በጊዜው መሥራት ነው። ሌላው ደንበኛው ጉዳዩ የት እንደደረሰ እንዲያውቅ ማድረግና ሲጠይቅ መመለስ ነው። ስለዚህ «ስራውን እየሠራሁልህ ነው፣ ለምን ትጨቀጭቀኛለህ» የሚል ጠበቃ የመጀመሪያውን ቢያከብር እንኳ ሁለተኛውን ጥሷል። የደንቡ ማብራሪያ ራሱ ከጠበቃ ጉድለቶች ሁሉ ዛሬ ነገ እያሉ እንደማጓተት ሰውን የሚያማርር ላይኖር ይችላል ይላል።

አቤቱታ የሚቀርብበት ቦታ እንደ ግዛቱ ይለያያል። በዲሲ የዲሲፕሊን ዐቃቤ ሕግ ሊባል የሚችል ቢሮ አለ። አቤቱታውን ይመረምራል፤ ክስ ከመሠረተ ሁለት ጠበቆችና አንድ ጠበቃ ያልሆነ ሰው የተቀመጡበት ኮሚቴ ይሰማዋል። ከዚያ ወደ ቦርድ፣ በመጨረሻም ወደ ዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ይሄዳል። በሜሪላንድ የጠበቆች ቅሬታ ኮሚሽን አለ። በቨርጂኒያ ሥራው የቨርጂኒያ ስቴት ባር ነው፤ «ባር» የሚባለው ጠበቆችን የሚመዘግብና የሚቆጣጠር አካል ነው። ቅጣቱ ከማስጠንቀቂያና ከተግሣጽ ይጀምራል፤ ፈቃድ ለጊዜው ማገድ ይከተላል፤ ጣሪያው ፈቃድ መንጠቅ ነው። የደንበኛ ገንዘብ የበላ ጠበቃ ብዙ ጊዜ ፈቃዱን ያጣል። አንድ ፋይል ለመጀመሪያ ጊዜ ችላ ያለ ግን በአመዛኙ በተግሣጽ ወይም በአጭር እገዳ ያልፋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ከእነዚህ ቅጣቶች አንዱም ፋይላችሁን አይመልስም። የዲሲፕሊን አካሉ የሚጠይቀው «ይህ ሰው ጠበቃ ሆኖ መቀጠል አለበት ወይ?» ብሎ ነው። የእናንተ ጥያቄ ግን «ጉዳዬስ?» የሚል ነው። ለዚህ እዚያ መልስ የለም። ሜሪላንድም፣ ቨርጂኒያም፣ ዲሲም የደንበኞች መጠበቂያ ፈንድ አላቸው። ፈንዱ የሚከፍለው ግን ጠበቃው ገንዘብ ሲሰርቅ ወይም ሲያጭበረብር ነው፤ በስንፍና ለጠፋ ጉዳይ አይደለም። በካሣ ልክሰሰው ብትሉ፣ የሙያ ኃላፊነት መድንን ለጠበቆች ግዴታ ያደረጉት ግዛቶች ኦሪገንና አይዳሆ ናቸው። ሌላ ቦታ ጠበቃው መድን ላይኖረው ይችላል። ደግሞስ በሌለበት የመባረር ትዕዛዝ የተሰጠበት ሰው የካሣ ክስ እስኪያልቅ የት ሆኖ ይጠብቃል?

የከፈላችሁትን ገንዘብ በተመለከተ ነገሩ ትንሽ ይሻላል። ጠበቃው ያልሠራበትን ክፍያ መመለስ አለበት። በዲሲ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2009 እንደወሰነው፣ ደንበኛው አውቆ በሌላ መንገድ ካልተስማማ በስተቀር፣ በቁርጥ የተከፈለ ገንዘብ እስኪሠራበት ድረስ የደንበኛው ነው። እዚያው ዲሲ ደንበኛው የክፍያ ክርክሩን ወደ ባሩ የግልግል ቦርድ ከወሰደው ጠበቃው አልመጣም ማለት አይችልም። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ማወቅ ግን ያስፈልጋል።

ለምን እኛ ጋ ይበዛል?

የኢሚግሬሽን ጉዳይ ለቸልተኝነት የተመቸ ነው። መንግሥት ጠበቃ አያቆምም፤ ሕጉ ጠበቃ መያዝ ትችላለህ፣ ግን በራስህ ወጪ ነው የሚለው። ክፍያው በአብዛኛው ቁርጥ ነው፤ ግማሹ ሲፈርሙ፣ ቀሪው በየወሩ። ከፍሎ የጨረሰ ደንበኛና ገና ሊፈርም የመጣ ደንበኛ ባንድ ቀን ቢደውሉ የማንኛው ስልክ ቶሎ እንደሚነሳ ለማንም ግልጽ ነው።

በዚያ ላይ ፍርድ ቤቶቹ ከ3 ሚሊዮን በላይ መዝገብ ተከምሮባቸዋል። ቀጠሮ በዓመታት ይሰጣል። ቸልተኝነት የሚደበቀው እዚህ ውስጥ ነው። ጠበቃው እየጠበቀ ይሁን ረስቶት፣ ከውጭ ሲታይ አንድ ነው። ሁለቱም ዝምታ ናቸው። ደንበኛውም «ኮርቱ ስለዘገየ ነው» ብሎ ይቀመጣል። መዘግየቱ እውነት ስለሆነ ሰበቡም ያሳምናል። ሦስት ዓመት ያለ ዜና ካለፈ በኋላ የፍርድ ቤቱ ደብዳቤ ወደ ድሮው አድራሻ ሄዶ እንደነበር ይሰማል።

ሌላው የቋንቋ ጉዳይ ነው። ብዙ ሀበሻ ከጠበቃው ጋር ፊት ለፊት የሚነጋገረው ውል ሲፈርም ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚያውቀው አማርኛ የምትናገረውን ጸሐፊ ወይም አስተርጓሚውን ነው። ታሪኩን የምትጽፍለት እሷ፣ ቀጠሮውን የምትነግረው እሷ፣ ሰነድ የምትቀበለው እሷ። ደግ ሴት ልትሆን ትችላለች። ግን ጠበቃ አይደለችም። ነገር ሲበላሽ ቢሮው «ጸሐፊዋ ናት የረሳችው» ይላል። የሥነ ምግባር ደንቡ ይህን አይቀበልም፤ ጠበቃው ለሠራተኞቹ ሥራ ኃላፊ ነው። ችሎት ቀን ደግሞ አይታችሁት የማታውቁት የተከራየ ጠበቃ ፋይላችሁን እያገላበጠ በኮሪደሩ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ለአጭሩ፣ «ማስተር» ለሚሉት ቀጠሮ ይህ ያን ያህል ላይጎዳ ይችላል። ለመጨረሻው ምስክርነት ከሆነ ግን አደገኛ ነው።

ጠበቃ ያልሆኑ «ፎርም ሞይዎች» ደግሞ ከዚህ ሁሉ ውጭ ናቸው። ሱቅ ውስጥ ወይም ቤታቸው ሆነው የጥገኝነት ማመልከቻ የሚሞሉ ሰዎች ፈቃድ ስለሌላቸው የሚነጠቅም ነገር የላቸውም። ባር አያገኛቸውም። በሕጋዊ መንገድ የሚሠሩ ጠበቃ ያልሆኑ ወኪሎች አሉ፤ እነሱ በፍትሕ ሚኒስቴሩ ዕውቅና ያገኙና በታወቀ ድርጅት ሥር የሚሠሩ ናቸው። ሌላው ሁሉ፣ የቱንም ያህል የሚታመን ወንድማችን ቢሆን፣ ነገ ሲያጠፋ የት እንደምታመለክቱበት የማታውቁት ሰው ነው።

አቤቱታው ራሱ ቁልፍ ሲሆን

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርዱ እ.ኤ.አ. በ1988 ሎዛዳ በሚባለው ጉዳይ አንድ መንገድ አስቀመጠ። ጠበቃዬ ጉዳዬን አበላሸው ብሎ ፋይሉን ማስከፈት የሚፈልግ ሰው ሦስት ነገር ማድረግ አለበት። መጀመሪያ ከጠበቃው ጋር ምን እንደተስማማ፣ ጠበቃው ምን እንደነገረውና ምን እንዳላደረገ በመሐላ በተረጋገጠ ጽሑፍ ያቀርባል። ቀጥሎ ለቀድሞው ጠበቃ የተባለበትን አሳውቆ መልስ የመስጠት ዕድል ይሰጠዋል። ሦስተኛ፣ ጠበቃውን በሚቆጣጠረው የዲሲፕሊን አካል ዘንድ አቤቱታ ያቀርባል፤ ካላቀረበ ለምን እንዳላቀረበ ያስረዳል።

ሦስተኛውን ደግማችሁ አንብቡት። ለባር ማመልከት በቀል አይደለም፤ ለራሳችሁ ጉዳይ የሚያስፈልግ ሰነድ ነው። «ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» ያለ ሰው ዳኛው ፊት የሚያቀርበው ወረቀት አንድ ይጎድለዋል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። በ1996 ቦርዱ ሁለት ተቀራራቢ ጉዳዮችን ወሰነ። በአንዱ፣ ግሪሃልቫ በተባለው፣ ሰውየው ችሎት ሳይገኝ የቀረው የጠበቃው ቢሮ ሠራተኛ ቀጠሮው ተዛውሯል ብሎ ስለነገረው ነበር። የሎዛዳን መንገድ ተከትሎ መጣ፤ በሌለበት የተሰጠው ትዕዛዝ ተነሣለት። በሌላው፣ ሪቬራ በተባለው፣ ሴትየዋ የቀረችው ከጠበቃዋ ጋር መገናኘት ባለመቻሏ እንደሆነ ገለጸች። ለባር ግን አላመለከተችም፤ ያላመለከተችበትንም የሚያሳምን ምክንያት አልሰጠችም። አልተሳካላትም። ቦርዱ ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ አቤቱታው የሚጠየቀው ጠበቃና ደንበኛ ተመሳጥረው ጊዜ ለመግዛት ሲሉ «ጠበቃዬ አጥፍቷል» እንዳይሉ ጭምር ነው ብሏል። ሁለቱን ሰዎች የለያቸው ነገር የጠበቆቻቸው ጥፋት መጠን ብቻ አይደለም። አንደኛው ጥፋቱን በወረቀት አስመዝግቧል።

ይኸው መንገድ ለጥገኝነት ማመልከቻም ይሠራል። አሜሪካ በገቡ በአንድ ዓመት ውስጥ ጥገኝነት መጠየቅ ግዴታ መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ዓመቱ ያለፈው በጠበቃ ጥፋት ከሆነ ደንቡ እንደ ልዩ ሁኔታ ሊቆጥረው ይችላል። የሚጠይቀው እነዚያኑ ሦስት እርምጃዎች ነው። ከዚያ በኋላም ማመልከቻውን ሳይዘገዩ ማስገባት ያስፈልጋል።

የሚያሳዝነው ሰዓቱ ነው። ፋይል እንደገና ለማስከፈት በመደበኛው መንገድ ያለው ጊዜ ከመጨረሻው ውሳኔ ጀምሮ 90 ቀን ነው፤ በሌሉበት ለተሰጠ ትዕዛዝ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ለሚያቀርብ ሰው 180 ቀን ነው። የችሎት ጥሪው ጭራሽ ያልደረሰው ሰው በማንኛውም ጊዜ ማመልከት ይችላል። ፍርድ ቤቶች ያለፈን ጊዜ የሚታገሱበት አጋጣሚ አለ። ግን ያኔ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ጥፋቱን ካወቅህ በኋላ ምን አደረግህ? እዚህ ላይ ነው ይሉኝታ የሚያስከፍለው። ሰው ጠበቃው እንደጠፋ እያወቀ ስድስት ወር «እስኪ ይደውል ይሆናል» ብሎ ይቀመጣል። «የአገር ልጅ ነው፣ እንዴት እከሰዋለሁ» ይላል። ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ ደጋግ ናቸው፤ ግን ሽምግልናው ሲካሄድ የ90 ቀኑ ቆጠራ አይቆምም።

ፍርሃትም አለ። ጠበቃ ከሰስኩ ተብሎ ጉዳዬ ይበላሽብኛል፣ ዳኛው ይጠላኛል፣ መንግሥት ይሰማብኛል የሚል። ለባር ለማመልከት የመኖሪያ ፈቃድ አያስፈልግም። ዳኛውም አቤቱታ ስላቀረባችሁ አይቆጣም፤ እንዲያውም ካላቀረባችሁ ለምን ብሎ የሚጠይቀው እሱ ነው። ሌላም ነገር ልጨምር። ጨዋ ጠበቃ ሲሳሳት ራሱ ያምናል። «አዎ፣ ቀኑን አሳልፌዋለሁ» ብሎ የሚፈርም የቀድሞ ጠበቃ ለፋይላችሁ ትልቅ ስጦታ ነው። እሱን ማሳወቅ ግዴታ የሆነውም ለዚህ ዕድል ነው።

ስታመለክቱ የሚያደናግር አንድ ነገር አለ። የኢሚግሬሽን ሕግ የፌዴራል ስለሆነ ከየትኛውም ግዛት ፈቃድ ያለው ጠበቃ የትም ተቀምጦ ሊሠራ ይችላል። ቢሮው አሌክሳንድሪያ ሆኖ ፈቃዱ የኒው ዮርክ ሊሆን ይችላል። አቤቱታው መሄድ ያለበት ፈቃድ ወደሰጠው ግዛት ነው። ቨርጂኒያ አመልክቶ «ይህ ሰው የእኛ አባል አይደለም» የሚል መልስ ሲመጣ ሳምንታት ይባክናሉ። ውል ከመፈራረም በፊት «ፈቃድህ የየት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። የግዛቱ ባር ድረ ገጽ ላይ ስሙን ማየትም የደቂቃ ሥራ ነው። የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቶች አስተዳደርም የራሱ ዲሲፕሊን አለው፤ የታገዱና የተከለከሉ ጠበቆችን ዝርዝር በይፋ ያወጣል። ከሚቀጣባቸው ጥፋቶች መካከል ትጋት ማጣትና ከደንበኛ ጋር አለመገናኘት በስም ተጠቅሰዋል።

ጠበቃችሁ ላይ ሙሉ በሙሉ አትደገፉ። ዘጠኝ አሃዝ ያለውን ኤ-ነምበራችሁን፣ ማለትም የኢሚግሬሽን ፋይል ቁጥራችሁን፣ ይዛችሁ በፍርድ ቤቶቹ ድረ ገጽ ወይም ስልክ መስመር ቀጠሯችሁን ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ይህን በየወሩ የሚያደርግ ሰው የተዛወረ ቀጠሮ አያመልጠውም። ቤት ስትቀይሩ አድራሻችሁን በአምስት ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤቱ ማሳወቅ የእናንተ ግዴታ ነው፤ ለጠበቃው ጸሐፊ መንገር አይበቃም። ከጠበቃው ጋር በጽሑፍ ተነጋገሩ። የደወላችሁበት ቀን በኋላ ማስረጃ ሆኖ አይገኝም፤ የላካችሁት ቴክስትና ኢሜይል ግን ይገኛል። ደግሞ ፋይሉ የእናንተ ነው። ጠበቃ ስትቀይሩ የቀድሞው ማስረከብ አለበት። እንዲያው ዝም ብሎም መጥፋት አይችልም፤ ፍርድ ቤት እንደ ጠበቃ ተመዝግቦ ከሆነ ለመውጣት የዳኛውን ፈቃድ ይጠይቃል።

የሎዛዳ መንገድ ጉድለት የለውም አልልም። የተጎዳው ሰው አዲስ ጠበቃ ከፍሎ ነው የድሮውን ጥፋት የሚያስረዳው። በእስር ላይ ላለና እንግሊዝኛ ለማያውቅ ሰው ሦስቱን እርምጃ በ90 ቀን መጨረስ ተራራ መግፋት ነው። ጥሩ ጠበቆችም ፋይል ለማስከፈት ሲባል ብቻ አቤቱታ ይመጣባቸዋል። መንገዱ ራሱም ዋስትናው ጠንካራ አይደለም። በጥር 2009 ዋና ዐቃቤ ሕግ ማይክል ሙኬሲ የኢሚግሬሽን ተከራካሪ ብቁ ጠበቃ የማግኘት ሕገ መንግሥታዊ መብት የለውም ብለው ለውጠውት ነበር። ተተኪያቸው ኤሪክ ሆልደር በዚያው ዓመት ሰኔ ውሳኔያቸውን ሻሩትና የድሮው ተመለሰ። አንድ ሹም የሻረውን ሌላው ሊመልሰው የሚችል መብት ላይ መደገፍ ያሳስበኛል። ቢሆንም ዛሬ ያለው በር ይህ ነው።

አገር ቤትስ?

በኢትዮጵያ የጠበቆችን ሥነ ምግባር የሚመለከት ሕግ አልጠፋም። ደንብ ቁጥር 57/1992 ለፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ግዴታ አስቀምጧል። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ደግሞ የፈቃድ አሰጣጡን በአዲስ መልክ አደራጅቶ የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርን አቋቁሟል። በፍትሐ ብሔር ሕጉም የአንድን ሙያ ደንብ ባለማክበር ጉዳት ያደረሰ ባለሙያ ይጠየቃል። ማመልከቻ ቦታ አለ ማለት ነው።

የሌለው በዲሲፕሊኑና በመዝገቡ መካከል ያለ ድልድይ ነው። ጠበቃው ይግባኙን በ61ኛው ቀን አስገብቶ እንበል። ደንበኛው አቤቱታ ያቀርባል፤ የጠበቆች የሥነ ምግባር ጉባኤው ጠበቃውን ጥፋተኛ ነው ብሎ ይቀጣዋል። ደንበኛው ያንን ውሳኔ ይዞ ይግባኝ ሰሚው ችሎት ቢቀርብ፣ አንቀጽ 326 የጠበቃ ጥፋት በቂ ምክንያት አይደለም ብሎ ይጠብቀዋል። እንዲያውም ወረቀቱ የሚያስረዳው ጥፋቱ የጠበቃው መሆኑን ስለሆነ የማስፈቀጃ ጥያቄውን ራሱ ያፈርስበታል። ቤቱን ወይም የእርሻ መሬቱን በዚህ መንገድ ላጣ ሰው የጠበቃው ፈቃድ ለስድስት ወር መታገድ ምን ይጠቅመዋል?

ሕጉ ሲወጣ የተፈራው ግልጽ ነው። ጠበቃ ሁሉ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» እያለ የይግባኝ ጊዜን እንዳሻው እንዳያራዝም ነው። ተገቢ ስጋት ነው፤ የአሜሪካው ቦርድ በ1996 የፈራውም ያንኑ ነበር። እነሱ ግን በሩን ከመዝጋት ይልቅ መግቢያው ላይ ማስረጃ ጠየቁ። እኛም ማድረግ እንችላለን። አንቀጽ 326 ተሻሽሎ ችሎቱ ሦስት ነገር እንዲያይ ቢደረግ ይበቃል። ደንበኛው ራሱ ጉዳዩን ይከታተል ነበር ወይ? ጥፋቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ቀረበ ወይ? በጠበቃው ላይ በሥነ ምግባር ጉባኤው አመልክቷል ወይ? ሦስቱንም ያሟላ ሰው ይግባኙ ይሰማለት፤ ሌላው ወገን በመዘግየቱ ያወጣውን ወጪና ኪሳራ ደግሞ ጠበቃው ከኪሱ ይክፈል።